ፍጥነቱ ማንን ያድናል? ስለ ፖሊስ አነዳድ ለተሰራጨው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በሲያትልና በአካባቢው ባለን አበሾች የቴሌግራም ግሩፖች ሁሉ እየዞረ ነው። ለእኔ ብቻ ሰባት ሰው ልኮልኛል። አብረውኝ ታክሲ የሚነዱ ልጆች ላኩልኝ። የዕድራችን ግሩፕ ላይ ተለጠፈ። በመጨረሻ የባለቤቴ እህት ሳትቀር «አንብበው፣ ያንተኑ ነገር ነው የጻፉት» ብላ ላከችልኝ። የእኔ ነገር ያለችው በ2022 መኪናችን ስለተሰረቀች ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

ጽሑፉን ሁለቴ አነበብኩት። ጸሐፊው ብዕራቸው ጥሩ ነው፣ ንዴታቸውም የእውነት ነው። የተናደዱበት ነገር እኔንም ያናድደኛል። የደረሱበት ድምዳሜ ግን ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። ስህተቱ ደግሞ ሰው የሚያስገድል ዓይነት ነው። አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ፖሊስ እንደ ልቡ ይንዳ፣ የሚሸሸውንም እንደ ልቡ ያሳድድ ነው የጽሑፉ ፍሬ ሐሳብ። ለዚህ አምስት ምክንያት ሰጥተዋል። አንደኛ፣ ፖሊስ መብራትና ሳይረን አለው፤ መንገድ መልቀቅ የሌላው ግዴታ ነው፤ ሳይለቅ ቀርቶ የተገጨ ጥፋቱ የራሱ ነው። ሁለተኛ፣ ፖሊስ ልዩ ሥልጠና ስላለው እኔና እናንተ የማንችለውን ፍጥነት እሱ ይችለዋል። ሦስተኛ፣ በማሳደድ የሚሞተው በገዛ ፈቃዱ የሸሸ ወንጀለኛ ነው። አራተኛ፣ ማሳደድን የሚገድበው በ2021 የወጣው የዋሽንግተን ግዛት ሕግ የፖሊስን እጅ ስላሰረ የመኪና ስርቆት ጣሪያ ነካ። አምስተኛ፣ በድንገተኛ ጥሪ ጊዜ እያንዳንዷ ሰከንድ ነፍስ ታድናለች።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። ጽሑፉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ሰፍቷል። ፖሊስ ለእርዳታ ተጠርቶ ሲፈጥን አንድ ነገር ነው። የሚሸሽ መኪና ሲያሳድድ ሌላ ነገር ነው። ደንባቸውም አደጋቸውም ይለያያል። ጸሐፊው ስለ አንዱ ጀምረው በሌላው ይጨርሳሉ። እኔ ለያይቼ እሄዳለሁ።

ከሳይረኑ ልጀምር። ጃንዋሪ 23፣ 2023 ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ እዚሁ ሲያትል፣ ዴክስተር ከቶማስ ጎዳና ጋር በሚገናኝበት ቦታ አንዲት የ23 ዓመት ህንዳዊት ተማሪ በዜብራ እየተሻገረች ነበር። የፖሊስ መኪና ገጭቶ ገደላት። ፖሊሱ ሌባ እያሳደደ አልነበረም። ዕፅ ከመጠን በላይ ሳልወስድ አልቀረሁም ብሎ ወደ ደወለ ሰው ነበር የሚሄደው። የመንገዱ የፍጥነት ወሰን በሰዓት 25 ማይል ነው። እሱ 74 ደርሶ ነበር። ሲገጫት 63 ላይ ነበር። መብራቱ በርቷል። ሳይረኑን ግን ያለማቋረጥ አላስጮኸውም፤ መገናኛ ላይ ሲደርስ ብቻ ነበር ብልጭ የሚያደርገው።

እኔ በዚያ መንገድ በሳምንት ስንቴ እንደማልፍ አላውቅም። ከአደጋው በኋላ አንድ ማታ መኪናዬን አቁሜ በእግሬ ተሻገርኩት። እንደማንኛውም ሰው፣ ሳልሮጥ ሳልጎተት። ከዳር እስከ ዳር አሥር ሰከንድ ያህል ፈጀብኝ። ቤት ገብቼ ሒሳቡን ሠራሁት። በ74 ማይል የሚሄድ መኪና በሰከንድ 33 ሜትር ይበላል። በአሥር ሰከንድ 330 ሜትር። አንድ ሰው ግራ ቀኝ አይቶ እግሩን አስፋልቱ ላይ ሲያኖር ያ መኪና ገና ከሦስት የኳስ ሜዳ ርቀት ወዲያ ነው። ማታ ነው። የሚታየው መብራት ብቻ ነው። እግረኛ ደግሞ የሚመጣውን መኪና የሚገምተው በመንገዱ ፍጥነት ነው። መኪናው በ25 ማይል ቢመጣ ኖሮ በዚያው አሥር ሰከንድ 110 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር የሚሄደው። ተሻግራ ትጨርስ ነበር።

ታዲያ እዚህ ላይ «መንገድ አልለቀቀችም» ማለት ምን ማለት ነው? መንገድ ለመልቀቅ መጀመሪያ ጊዜ ያስፈልጋል። ያንን ጊዜ የወሰደባት ፍጥነቱ ነው።

ሕጉም ቢሆን ጸሐፊው እንዳሉት አይልም። የግዛታችን የትራፊክ ሕግ የድንገተኛ አደጋ መኪና ከፍጥነት ወሰን በላይ እንዲሄድ ይፈቅዳል፤ ግን ሕይወትና ንብረት አደጋ ላይ እስካልጣለ ድረስ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ይህ ፈቃድ ሾፌሩን ለሌላው ሰው ደኅንነት ከመጠንቀቅ ግዴታ ነፃ እንደማያወጣው በግልጽ ይደነግጋል። የዴክስተሩ ፖሊስ በከባድ ወንጀል አልተከሰሰም፤ የካውንቲዋ ዐቃቤ ሕግ በፍርድ ቤት ማስረዳት አንችልም አሉ። ሆኖም በቸልተኝነት በመንዳት የ5,000 ዶላር ቅጣት ተጻፈበት፤ በጃንዋሪ 2025 ከሥራው ተባረረ። የተቀጣውም የተባረረውም ሾፌሩ ነው።

በዚህ ነጥብ አንድ ነገር እቀበላለሁ። ሳይረን ሰምቶ መንገድ የማይለቅ ሾፌር ሞልቷል። ስልኩን እያየ፣ ሙዚቃውን ከፍቶ። እኛ ከአዲስ አበባ የመጣን ሰዎች ደግሞ የራሳችን ልማድ አለን። እዚያ ሳይረን ሲጮህ ብዙ ጊዜ አጀብ ነው፤ ደንግጠን ባለንበት ቀጥ እንላለን። እዚህ ወደ ቀኝ ጠጋ ብሎ መቆም ነው ደንቡ። ይህን ለአዲስ መጪዎች ማስተማር ያለብን እኛው ነን። ግን የሾፌር ዳተኝነት የእግረኛን ሞት ትክክል አያደርገውም።

አሁን ወደ ሥልጠናው። ይህ የጽሑፉ ምሰሶ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ጸሐፊው ፖሊስ ልዩ ሥልጠና አለው ሲሉ ስንት ሰዓት እንደሆነ አልነገሩንም። የፌዴራሉ የፍትሕ ስታቲስቲክስ ቢሮ በ2013 የአሜሪካን የፖሊስ አካዳሚዎች አጥንቶ ነበር። መሠረታዊው ሥልጠና በአማካይ 840 ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ውስጥ ለጦር መሣሪያ 71 ሰዓት ይሰጣል። ለድንገተኛ ጊዜ አነዳድ 38 ሰዓት። አንድ የሥራ ሳምንት እንኳ አይሞላም። አስቡት፤ ብዙ ፖሊስ ሽጉጡን ሰው ላይ አንዴም ሳይተኩስ ጡረታ ይወጣል። መኪናውን ግን በየቀኑ ይነዳል። የበለጠ የሚጠቀምበት ነገር ያነሰ ሰዓት ነው የተሰጠው።

ያቺም ሥልጠና ብትሆን ከተማ ውስጥ አይደለም የምትሰጠው። ሜዳ ላይ ነው፤ ኮን ተደርድሮ፣ እግረኛ በሌለበት፣ አስተማሪ አጠገብ ተቀምጦ። እዚያ የሚለመደው መሪ መጠምዘዝ፣ ፍሬን መያዝ፣ መኪና ሲንሸራተት መመለስ ነው። ጥሩ ነገር ነው፤ አላናንቀውም። ግን ሜዳ ላይ ከቆመ አውቶቡስ ኋላ ሕፃን ልጅ ብቅ አይልም።

ጸሐፊው እንግሊዝን እንደ ምሳሌ ጠቅሰዋል፤ እዚያ ፖሊስ በነፃነት ይነዳል ብለው። እንግሊዝን መጥቀሳቸው ጥሩ ነው፤ ምሳሌው ግን ከእኔ ጋር ነው የሚቆመው። እዚያ መንጃ ፈቃድ ያለው ፖሊስ ሁሉ ሳይረን አብርቶ መሮጥ አይችልም። መሠረታዊ ፈቃድ ብቻ ያለው እንደ ማንኛውም ሰው ወሰኑን ጠብቆ ይነዳል። በመብራትና በሳይረን ለመሄድ ሳምንታት የሚፈጅ ኮርስ መጨረስና ፈተና ማለፍ አለበት። ማሳደድ ደግሞ ከዚያ በላይ ሌላ ብቃት ይጠይቃል። ያም ሆኖ የሬዲዮ ማዕከሉ ካልፈቀደ አይቀጥልም፤ ማዕከሉ ተው ሲል ይተዋል። በ2022 ሥራ ላይ የዋለው ሕጋቸው የፖሊስን አነዳድ የሚመዝነው ከሠለጠነና ጥንቁቅ ከሆነ የፖሊስ ሾፌር ጋር አስተያይቶ ነው። ይህ ለፖሊሱ ከለላ ነው፤ ትክክልም ነው። ከለላውን ያገኘው ግን ሥልጠናው የእውነት ስለሆነ ነው።

እነሱ አንድ የሚያስተምሩት ነገር አለ፤ በጣም ወድጄዋለሁ። ሠልጣኙ እየነዳ የሚያየውን ሁሉ ጮክ ብሎ ይናገራል። ምን አየህ፣ ምን ሊመጣ ይችላል፣ ምን ታደርጋለህ። ዋናው መርሕ ደግሞ አንድ ነው፤ ነፃ ሆኖ በሚታይህ ርቀት ውስጥ መኪናህን ማቆም መቻል አለብህ።

እኔ ራሴ ሞከርኩት። ባለፈው ቅዳሜ ሬኒየር ጎዳና ላይ፣ ተሳፋሪ ሳልይዝ፣ በ25 ማይል። «አውቶቡስ ቆሟል። በበሩ ሰው ይወርዳል። ቀይ ጃኬት የለበሰ ልጅ ስልኩን እያየ ወደ መንገዱ ዞሯል። ነጩ መኪና ጎማው ወደ ግራ ታጥፏል፣ ሊወጣ ነው። እናትየው ጋሪ እየገፋች ነው…» ጋሪውን ሳልጨርስ መብራቱ ጋ ደረስኩ። አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ከተማ ነድቻለሁ። በ25 ማይል እንኳ ያየሁትን ሁሉ ለመጥራት አፌ አልደረሰልኝም። በ74 ማይል የሚነዳ ሰው ከዚያ ውስጥ ስንቱን ያያል? ሥልጠና እጅን ያፈጥናል። ዓይን የሚያየውን ርቀት አያረዝምም። ፍሬንም ቢሆን ፖሊስ ስለነካው አይበረታም፤ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬን የተያዘበት ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ለሠለጠነውም ላልሠለጠነውም።

የዋሽንግተን ሕግ ራሱ ይህን ያውቃል። የሚያሳድደው ፖሊስ የአነዳድ ኮርሱን የጨረሰ፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት ሥልጠናውን ያደሰ፣ የሚሸሽ መኪና ማስቆሚያ ቢያንስ በአንድ ዘዴ የተመሰከረለት እንዲሆን ይጠይቃል። ጸሐፊው ይህን ድንጋጌ የፖሊስን እጅ ከሚያስሩት መሐል ቆጥረውታል። ሥልጠና አለውና እመኑት ካሉ በኋላ ሥልጠናውን ያድስ የሚለውን ሕግ መቃወም አይገባኝም።

የሚሞተው ወንጀለኛው ነው ወደሚለው ልለፍ። ይህኛው በቁጥር የሚመለስ ነው። ያው የስታቲስቲክስ ቢሮ ከ1996 እስከ 2015 ያለውን ቆጥሯል። በፖሊስ ማሳደድ ምክንያት በደረሱ አደጋዎች 7,090 ሰው ሞቷል። በአማካይ በየቀኑ አንድ ሰው ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ 2,088ቱ በነገሩ በሌለበት በሌላ መኪና ውስጥ የነበሩ ናቸው። 277ቱ ጨርሶ መኪና ውስጥ ያልነበሩ፣ እግረኛና ብስክሌተኛ ናቸው። ሁለቱን ስትደምሩ ከሦስት አንዱ ይሆናል። ከሥራ የሚመለስ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚያመጣ፣ እንደ እኔ ተሳፋሪ የጫነ። ፖሊሶችም ሞተዋል፤ 88።

የቀሩት ቢሆኑ ሁሉም «የሸሸው» አይደሉም። መሪ የያዘው አንድ ሰው ነው። ከኋላ የተቀመጠው አልመረጠም። በ1998 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ የሄደው የሳክራሜንቶ ጉዳይ የዚህ ዓይነት ነው። ሞተሩን የሚነዳው ሌላ ነበር፤ የሞተው ከኋላው የተፈናጠጠው የ16 ዓመት ልጅ ነው። ማሳደዱ የፈጀው 75 ሰከንድ ብቻ ነበር። ቤተሰቡ ተከራክሮ ተሸነፈ። ፍርድ ቤቱ ፖሊሱ ሆን ብሎ ጉዳት ለማድረስ ካላሰበ በሕገ መንግሥቱ አይጠየቅም አለ። ይህን የማነሳው በአገሪቱ ሕግ የፖሊስ እጅ ምን ያህል ልቅ እንደሆነ ለማሳየት ነው።

ወንጀለኛ የሚለውም ቃል ይመርመር። የፖሊስ አዛዦች ማኅበር መረጃ እንደሚያሳየው ከ2009 እስከ 2013 ከተመዘገቡት ማሳደዶች ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት የጀመሩት በትራፊክ ጥፋት ነው። ታርጋ፣ መብራት፣ ፍጥነት። ጸሐፊው ሲጽፉ በዓይነ ሕሊናቸው የሚያዩት ነፍሰ ገዳይ ነው። የሚሸሸው ግን ኢንሹራንስ የሌለው የ19 ዓመት ልጅም ሊሆን ይችላል። መቀጣት አለበት። በሞት አይደለም።

ስለ ስርቆቱ ከራሴ ልነሳ። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ለሥራ ስወጣ መኪናዋ የለችም። ቆሜ የነበረችበትን ባዶ አስፋልት አየሁ፤ የተሰባበረ መስታወት ብቻ ነበር። ከስድስት ቀን በኋላ ተገኘች። የመሪው ሽፋን ተገንጥሎ ሽቦው ተንጠልጥሏል። የልጄ ወንበር ላይ የሲጋራ ቁራጭ ተተርኩሷል። ባለቤቴ ያንን ወንበር እንደገና አልነካችውም። እንደዚያ በተናደድኩ ጊዜ ፖሊስ በሰዓት መቶ ማይል ቢያሳድዳቸው እጄን አጨበጭብ ነበር። ስለዚህ የጸሐፊውን ንዴት አውቀዋለሁ። የ2021ዱ ሕግ ከመጠን በላይ ጠብቆ ወጥቷል ቢሉም እስማማለሁ። አንዳንድ ሌባ አታሳድዱኝም እያለ በፖሊስ ፊት ይሄድ ነበር።

ግን ስርቆቱን ያመጣው ያ ሕግ ነው ማለት ሌላ ነገር ነው። በእነዚያ ዓመታት ስርቆት የጨመረው በአገሪቱ ሁሉ ነው፤ ሕጉን ባልነካ ግዛትም ጭምር። አንዱ ትልቅ ምክንያት የኪያና የሂዩንዳይ መኪኖች ናቸው። ያለ ትክክለኛው ቁልፍ ሞተር እንዳይነሳ የሚያደርገው ኢሞቢላይዘር በ2015 ሞዴል በሌሎች ፋብሪካዎች መኪኖች 96 ከመቶው ላይ ነበር። በሁለቱ ግን 26 ከመቶው ላይ ብቻ። ወጣቶች በዩኤስቢ ገመድ ጫፍ ሲያስነሷቸው በቲክቶክ ታየና ተዛመተ። ካናዳ ከ2007 ጀምሮ ኢሞቢላይዘርን ግዴታ አድርጋለች፤ ይህ ወረርሽኝ እዚያ አልደረሰም። መኪናው ያው ነው። የጎደለው ዕቃ ነው የተለየው።

ይህ ስርቆት የጀመረበት ከተማ ደግሞ ሚልዋኪ ነው። ሚልዋኪ ፖሊስ የማሳደድ ደንቡን በ2017 አላልቶ ነበር። ማሳደዱም በጣም በዝቷል። ከዚያ በ2021 የተሰረቀው መኪና ከቀደመው ዓመት ከእጥፍ በላይ ሆነ። ማሳደድ ስርቆትን የሚያስቆም ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ መቆም የነበረበት እዚያ ነው።

ደግሞ ጸሐፊው የጻፉት ጊዜው ካለፈበት በኋላ ነው። ሕጉ በ2023 ተሻሽሏል። ከጁን 2024 ጀምሮ ደግሞ ፖሊስ ማንኛውም ሕግ ተጥሷል ብሎ በምክንያት ከጠረጠረ ማሳደድ ይችላል። የቀረው ዋና ገደብ፣ ሰውየው ለሌላ ሰው አደጋ መሆኑና እሱን ሳያሳድዱ መተው ከማሳደዱ የባሰ አደጋ ማምጣቱ ነው። ይህ ገደብ ይነሳ የሚሉ ከሆነ በግልጽ ይበሉት፤ ትርጉሙ አደጋው ቢበልጥም ይሳደድ ማለት ነውና።

ታዲያ ዝም ብለን እንያቸው ወይ? አይደለም። ሄሊኮፕተር አለ፤ ኪንግ ካውንቲ ጋርዲያን ዋን የሚባል አላት። ጎማ የሚበሳ ሾህ አለ። መኪናው ላይ የሚጣበቅ ጂፒኤስ የሚተኩስ መሣሪያ አለ። የተሳደዱ ሰዎች በቃለ መጠይቅ የተናገሩትም አንድ ነገር ያሳያል፤ አብዛኞቹ ፖሊስ ከኋላ ሲጠፋ ፍጥነት እንደሚቀንሱ ነው ያሉት። የሚያስፈልገን እነሱ ሲቀንሱ የት እንዳሉ ማወቅ ነው።

የሰከንዷ ነገር በአጭሩ። አንድ ማይል በ50 ብትሄዱ 72 ሰከንድ ነው። በ74 ብትሄዱ 49። ትርፉ 23 ሰከንድ ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን በ50 የሚሄደው ወደ 70 ሜትር ላይ ሲቆም በ74 የሚሄደው ወደ 130 ሜትር ይፈልጋል። ሰው በጥይት እየተመታ ከሆነ 23 ሰከንድ ብዙ ነው፤ እቀበላለሁ፣ እዚያ ይፍጠኑ። ራሱ ስልክ አንስቶ ለሚያወራ ሰው ግን፣ አምቡላንስም እየሄደለት፣ ያቺ 23 ሰከንድ የተገዛችው በሰው ነፍስ ነው። ፖሊሱ ደግሞ ለዚያ ሰው አልደረሰለትም። መንገድ ላይ ቀረ።

ጸሐፊው በመጨረሻ ለተመራጮቻችሁ ደውሉ ብለዋል። እኔም እደውላለሁ። የምጠይቀው ግን እያንዳንዱ ፖሊስ የአነዳድ ሥልጠናውን መቼ እንዳደሰ፣ ለየትኛው ጥሪ በስንት ማይል እንደሄደ በየወሩ ለሕዝብ እንዲወጣ ነው። ለጸሐፊው ደግሞ ከአክብሮት ጋር አንድ ግብዣ አለኝ። የሚመቻቸውን ቀን ይንገሩኝና እኔው መጥቼ እወስዳቸዋለሁ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ዴክስተርና ቶማስ ጋ ቆመን፣ ከሩቅ የሚመጣውን መብራት እያየን፣ አብረን እንሻገር።